ያልታየው ስም፤ በሕትመት ሰነድ ላይ የቀለምና የአሳላፊነት ምርመራ ታሪክ

በሙያችን ታሪክ ላይ አንድ ሐተታ እንዳቀርብ የዚህ የዓመት መጽሔት አዘጋጆች በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ታላላቅ የማተሚያ መኪናዎች ወይም ስለ ቀደምት ማተሚያ ቤቶች መጻፍ ይቀለኝ ነበር። እነዚያ ሥዕላቸው አለ፤ የተመሠረቱበትም ቀን ይታወቃል። እኔ ግን የመረጥሁት በሚገባ ሲፈጸም ማንም የማያመሰግነውን፣ ሲጓደል ግን ሁሉም የሚያየውን አንድ ተግባር ነው። ይኸውም አንድ ሰነድ ወደ ፕሌት ከመሄዱ በፊት በውስጡ ያሉት ቀለሞችና የአሳላፊነት ትእዛዞች ትክክል መሆናቸውን የማረጋገጥ ሥራ ነው።

ለዚህ ምርጫ ምክንያት የሆነኝን ነገር በቅድሚያ ልናገር። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ በሞት ስለ ተለዩ አንድ መምህር የተዘጋጀ የመታሰቢያ መጽሐፍ ታተመ። ሽፋኑ ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን የመምህሩ ስም በመካከሉ በነጭ ፊደል እንዲወጣ ታስቦ ነበር። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ስሙ ጎልቶ ይታይ ነበር። የመጨረሻውን ቁጥጥር ያደረግሁት እኔ ነበርሁ፤ አየሁት፤ ፈረምሁም። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛው ፕሌቱ የያዘውን አተመ፤ ጠራዡም የደረሰውን ጠረዘ። በማግሥቱ የሟቹ ባለቤት መጻሕፍቱን ለመረከብ መጡ። አንዱን አንሥተው ሽፋኑን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉትና፣ «ልጄ፣ ስሙስ የት አለ?» አሉኝ። ሽፋኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ብቻ ነበር።

ስሙ ከሰነዱ ውስጥ አልጠፋም ነበር። ፊደሉ ሁሉ በቦታው ነበር፤ የቀለሙም መጠን እንደ ታዘዘው ነበር። የጠፋው በመስኮቱና በወረቀቱ መካከል ነው። እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ወደ ኋላ ሄዶ የቀለምን አተታተም ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ እጠይቃለሁ።

ከቀይ ቀለም እስከ ሦስቱ ሳህኖች

ቀለምን ለይቶ ማስቀመጥና መልሶ ማገናኘት ከማተሚያ መኪና በፊት የነበረ ጥበብ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ዋናውን ጽሑፍ በጥቁር፣ ቅዱሳት ስሞችንና የክፍል መነሻዎችን ደግሞ በቀይ ይጽፉ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ጥቁሩ አስቀድሞ ተጽፎ ለቀዩ ባዶ ቦታ ይተውለት ነበር። ቀዩ ሳይገባ ከቀረ ዐረፍተ ነገሩ ስም አልባ ሆኖ ይኖራል፤ የባለቤቱ ስም ሊገባበት የተተወው ቦታ ሳይሞላ የቀረባቸው ብራናዎችም አሉ። ይሁን እንጂ በብራና ላይ ጉድለቱ ግልጥ ነው። ባዶው ቦታ «እዚህ አንድ ነገር ጎድሏል» ብሎ ለአንባቢው ይመሰክራል።

በ1513 ዮሐንስ ፖትከን በሮም ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲሆን፣ እርሱም የብራናውን ልማድ ተከትሎ በጥቁርና በቀይ የወጣ ነው። ሁለት ቀለም በአንድ ገጽ ላይ ማሳረፍ ማለት ግን አንዱ ለሌላው ቦታ እንዲለቅ ማድረግና ሁለቱን ያለ ዝንፈት ማገናኘት ማለት ነው። ይህ ችግር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከሙያችን ተለይቶ አያውቅም።

ከሁለት ምዕተ ዓመት በኋላ በ1667 በፍራንክፈርት የተወለደው ያኮብ ክሪስቶፍ ለ ብሎን አዲስ ሐሳብ አመጣ። ይህ ሰው ኒውተን ስለ ብርሃን የጻፈውን መሠረት አድርጎ፣ የሥዕልን ቀለም ሁሉ በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ ሦስት ሳህኖች ማተም እንደሚቻል አሳየ፤ በ1719 በለንደን የባለቤትነት መብት ተሰጠው። በኋላም ጥላውን ለማጠንከር አራተኛ የጥቁር ሳህን ተጨመረበት። ዛሬ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር የምንላቸው አራቱ ቀለሞች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ለ ብሎን የሠራባቸውን ቀለሞች ብርሃን አሳላፊ አድርጎ መምረጡ የሥራው ቁልፍ ነበር። ቢጫው በሰማያዊው ላይ ሲያርፍ የታችኛውን ሳይደፍን ያሳልፈዋል፤ ከሁለቱም አረንጓዴ ይወጣል። እንግዲህ አሳላፊነት በሕትመት ውስጥ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ከመጀመሪያው በቀለሙ ባሕርይ ውስጥ ነበር።

ዓይን የመረመረበት ዘመን

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ፎቶግራፍ መጣ፤ ሥዕልን በጥቃቅን ነጠብጣብ ከፍሎ የማተም ዘዴም በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ተስፋፋ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ኦፍሴት ሲበረታ የሥራው ሁሉ መካከለኛ ፊልም ሆነ። ብዙዎቻችን ሙያውን የተማርነው በዚያ ዘመን ወይም በዚያ ዘመን ከሠሩ ሰዎች እግር ሥር ነው።

በፊልም ዘመን ለአንድ ገጽ አራት ፊልም ይዘጋጃል። አራቱም ጥቁር ናቸው፤ የሚለያዩት በጠርዛቸው ላይ በተጻፈው የቀለም ስም ብቻ ነው። የሞንታዥ ሠራተኛው በብርሃን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በማጉያ መነጽር ይመረምራቸዋል። በአረንጓዴ መደብ ላይ ነጭ ስም እንዲወጣ ከተፈለገ፣ በሲያኑም በቢጫውም ፊልም ላይ የስሙ ቅርጽ ተለቅቆ መታየት አለበት፤ አለዚያ ስሙ እንደሌለ ማንም ያውቃል። በፊልም ላይ ነጭ የሚባል ቀለም የለምና። በማተሚያ መኪናም ላይ የለም። ነጩ ወረቀቱ ነው።

ከዚያም ማረጋገጫው ይከተላል። በ1970ዎቹ የተስፋፉት እንደ ክሮማሊን ያሉት የናሙና ዘዴዎች ከራሱ ከፊልሙ የሚወጡ ነበሩ። ደንበኛው የሚፈርምበት ናሙናና መኪናው የሚያትምበት ፕሌት አንድ አባት ነበራቸው ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ ናሙናው የሳተውን ፕሌቱም ይስታል፤ ናሙናው ላይ ያለውም ፕሌቱ ላይ አለ። ሥራው አድካሚና ውድ ነበር፤ ስሕተትም አልጠፋበትም። ነገር ግን የስሕተቱ መገኛ በእጅ የሚዳሰስ ነበር።

ሁሉን ሸፋኝ ቀለም

በ1982 ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ አዶቢ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ያወጡት ፖስትስክሪፕት የተባለው የገጽ መግለጫ ቋንቋ በ1985 ከአፕል ሌዘር ማተሚያ ጋር ለገበያ ሲቀርብ፣ በዚያው ዓመት የወጣው ፔጅሜከር ከርሱ ጋር ተባብሮ የመተየቢያና የገጽ ማቀናበሪያ ሥራን ወደ አንድ ጠረጴዛ አመጣው። በ1993 ደግሞ ከፖስትስክሪፕት የተወለደው ፒዲኤፍ ወጣ።

ስለ ፖስትስክሪፕት ለዚህ ሐተታ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ቀለምን የሚያይበት መንገድ ነው። በዚህ ቋንቋ ቀለም መቀባት ማለት ግድግዳ በዘይት ቀለም እንደ መቀባት ነው። በኋላ የተቀባው በፊት የነበረውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ቀይ ክብ በሰማያዊ መደብ ላይ ቢቀመጥ ከክቡ ሥር ያለው ሰማያዊ ቦታውን ይለቅቃል። ይህን «ማስለቀቅ» ልንለው እንችላለን። ለዚህ ሕግ የተፈቀደው ዋና ልዩነት ኦቨርፕሪንት ወይም «መደረብ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የተሰጠው ነገር የሥሩን ሳያስለቅቅ በላዩ ያርፋል።

መደረብ ለበጎ ዓላማ የገባ ነው። ትንንሽ ጥቁር ፊደል በቀለማም መደብ ላይ ሲታተም ሥሩን ቢያስለቅቅ፣ ወረቀቱ በመኪናው ውስጥ በጥቂቱ ዝንፍ ባለ ቁጥር በፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይታያል። ስለዚህ ጥቁር ፊደልን መደረብ የሙያው ደንብ ሆነ። አደጋው ግን እዚሁ ላይ ተደብቆ ነበር። ነጭ ማለት በአራቱም ቀለሞች ዜሮ ማለት ነው። ዜሮ የሆነውን ነገር «ደርብ» ብሎ ማዘዝ ደግሞ ምንም ሳታደርግ እለፍ ማለት ነው። ብዙ የሰነድ መመልከቻዎች ግን የመደረብን ትእዛዝ ቸል ብለው ነጩን ነጭ አድርገው ያሳያሉ፤ በመስኮቱ ላይ ነጭ ብርሃን ነው፤ ብርሃንም እዚያ አለ።

የመምህሩም ስም የጠፋው በዚህ መንገድ ነበር። የሽፋኑ አዘጋጅ በመጀመሪያ ስሙን በጥቁር አስቀምጦ እንደ ደንቡ እንዲደረብ አዘዘ። ቆይቶ ቤተ ሰቡ መደቡ ጥቁር አረንጓዴ እንዲሆን ሲፈልጉ የስሙን ቀለም ወደ ነጭ ለወጠ። ቀለሙ ተለወጠ፤ ትእዛዙ ግን ቀረ።

ከሲኒማ የመጣ እንግዳ

ከሕትመት ዓለም ውጭ በሌላ መንደር ሌላ ጥበብ እየተዘጋጀ ነበር። በ1977 በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም ኤድ ካትሙልና አልቪ ሬይ ስሚዝ ለእያንዳንዱ የሥዕል ነጥብ ከቀለሙ ጋር የአሳላፊነቱን መጠን የሚመዘግብ ዘዴ ፈጠሩ፤ «አልፋ» ብለው ሰየሙት። በ1984 ደግሞ በሉካስፊልም ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ሥዕልን በሥዕል ላይ የመደራረብን ስሌት በአንድ ጽሑፍ አደራጅተው አቀረቡ። ዓላማቸው ለፊልም የሚሆኑ ምስሎችን ማገናኘት ነበር። በመስኮት ላይ የሚሠራው ቀለም ብርሃን ነው፤ ሲደመር ይነጣል። በወረቀት ላይ የሚሠራው ቀለም ግን ሲደመር ይጠቁራል። ከብርሃን ዓለም የተወለደው ስሌት ወደ ቀለም ዓለም ሲገባ ግጭት መፈጠሩ የማይቀር ነበር።

ይህ እንግዳ ወደ ቤታችን የገባው በ2000 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው 9ኛው የኢለስትሬተር እትም ማንኛውንም ቅርጽ አሳላፊ ለማድረግ አስቻለ። በ2001 የወጣው ፒዲኤፍ 1.4 ይህንኑ በሰነዱ ቋንቋ ውስጥ አስገባ፤ በ2002 ኢንዲዛይን 2 ተከተለ። አዘጋጆች ለስላሳ ጥላን፣ የሚደበዝዝ ፎቶግራፍንና ባለ መስተዋት መስለው የሚታዩ ፊደላትን በአንድ ጠቅታ መሥራት ቻሉ። ፒዲኤፍ ለዚህ 16 የመቀላቀያ ዓይነቶች አሉት።

የሁለቱን ተራ ዓይነቶች ልዩነት በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ሥሩ መቶ በመቶ ሲያን ቢሆን፣ በላዩ ጥቁር ቅርጽ በ50 በመቶ አሳላፊነት ቢቀመጥ፣ በተለመደው የመቀላቀያ ዓይነት ውጤቱ ሲያን 50 እና ጥቁር 50 ይሆናል። «አባዛ» በሚለው ዓይነት ግን ሲያኑ መቶ እንደ ሆነ ይቆይና ጥቁር 50 ይጨመርበታል። የመጀመሪያው አመድማ ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ጥልቅ ሰማያዊ ጥላ ነው። በተጨማሪም ስሌቱ የሚካሄድበት የቀለም ክልል ይወስናል። ያው ጥላ በአርጂቢ ማለትም በብርሃን ክልል ቢሰላ አንድ ውጤት፣ በሲኤምዋይኬ ማለትም በአራቱ የሕትመት ቀለሞች ቢሰላ ሌላ ውጤት ይሰጣል። የመቀላቀያው ክልል ካልተገለጸ ማሽኑ የመሰለውን ይመርጣል።

ችግሩ ይበልጥ የከበደው በየማተሚያ ቤቱ የነበሩት ፖስትስክሪፕት ተርጓሚዎች፣ ሪፕ የምንላቸው፣ አሳላፊነትን ከቶ የማያውቁ በመሆናቸው ነው። ስለዚህ ሰነዱ ወደ እነርሱ ከመድረሱ በፊት «መደላደል» ነበረበት። ይህም ማለት የተደራረቡት ነገሮች በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ተቆራርጠው፣ የተቀላቀለው ቀለም አስቀድሞ ተሰልቶ፣ ሁሉም አሳላፊ ያልሆኑ ቁርጥራጮች ሆነው ይቀርባሉ ማለት ነው። አንዳንዱ ቁርጥራጭ ቅርጹን እንደ ያዘ ሲቀር ሌላው ወደ ነጥብ ሥዕል ይለወጣል።

ከዚህ መደላደል ሁለት የታወቁ ችግሮች መጡ። አንደኛው በፊደል ላይ የደረሰ ነው። ከአሳላፊ ነገር ሥር የወደቀ ፊደል ወደ ነጥብ ሥዕል ሲለወጥ፣ ጥራቱ ዝቅ ተደርጎ ከታዘዘ ጠርዙ ይሻክራል። ለላቲን ፊደል ይህ የውበት ጉድለት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ከዚያ ያልፋል። «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» የሚለየው በጎን የምትወጣ አንዲት ጭረት ናት፤ ራብዕንና ሳድስን የሚለዩትም ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው። በ7 ወይም በ8 ነጥብ መጠን የተጻፈ የግርጌ ማስታወሻ ከጥላ ሥር ቢወድቅ የሚጠፋው ውበቱ ብቻ ሳይሆን ንባቡ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ በሰነዱ ቅደም ተከተል ፊደል ምንጊዜም ከአሳላፊው ነገር በላይ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ችግር የነጭ ሣጥን ነው። ወርቃማ ወይም ሌላ ልዩ ቀለም በተቀባ መደብ ላይ ለስላሳ ጥላ ሲያርፍ፣ መደላደሉ ልዩ ቀለሙን ለማቆየት ሲል ጥላውን በመደረብ ትእዛዝ ያስቀምጠዋል። ሪፑ ያንን ትእዛዝ ቸል እንዲል ተደርጎ ከተዘጋጀ፣ በጥላው ዙሪያ ነጭ ወይም የተለየ መልክ ያለው አራት ማዕዘን ይወጣል። አሳላፊነትና መደረብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ቢሆኑም ዕጣቸው የተሳሰረ መሆኑን ብዙዎቻችን የተማርነው ከዚህ ሣጥን ነው።

ከክልከላ ወደ መግለጽ

የሙያው ዓለም ለዚህ ሁሉ የሰጠው የመጀመሪያ መልስ ክልከላ ነበር። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2001 ባወጣው ደረጃ ውስጥ ፒዲኤፍ-ኤክስ-1ኤ የተባለው የሰነድ ዓይነት ተደነገገ። በዚህ ደንብ መሠረት ፊደላት ሁሉ በሰነዱ ውስጥ መካተት አለባቸው፤ ቀለሙ ሲኤምዋይኬ፣ ግራጫ ወይም ልዩ ቀለም ብቻ ይሆናል፤ አሳላፊነት ፈጽሞ አይፈቀድም። አዘጋጁ ከመላኩ በፊት ራሱ ያደላድላል ማለት ነው። በ2002 የወጣው ፒዲኤፍ-ኤክስ-3 ደግሞ በፕሮፋይል የታጀበ የአርጂቢ ቀለምን ፈቀደ፤ አሳላፊነትን ግን እርሱም አልተቀበለም።

ፕሮፋይል ስንል በ1993 በ8 ኩባንያዎች የተመሠረተው አይሲሲ የተባለው ዓለም አቀፍ የቀለም ኅብረት ያወጣውን ሥርዓት ማለታችን ነው። ቁጥር ብቻውን ቀለም አይደለም። «ሲያን 60» በጋዜጣ ወረቀት ላይ አንድ መልክ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ሌላ መልክ አለው። ፕሮፋይል ቁጥሩ በየትኛው የሕትመት ሁኔታ ምን ዓይነት መልክ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ሰነድ ነው። የፒዲኤፍ-ኤክስ ቤተ ሰብ ሁሉ «ይህ ሰነድ የተዘጋጀው ለዚህ ዓይነት ሕትመት ነው» የሚል መግለጫ እንዲይዝ ያዛል። የቀለም ጠቅላላ መጠንም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አራቱ ቀለሞች ሁሉ ሙሉ በሙሉ ቢደራረቡ 400 በመቶ ይሆናሉ፤ የአውሮፓ ልማድ ለሚያብረቀርቅ ወረቀት ከ300 እስከ 330፣ ለጋዜጣ ወረቀት 240 ገደማ እንዲሆን ሲፈቅድ ቆይቷል። ከዚያ ያለፈ ቀለም አይደርቅም፤ ወደሚቀጥለው ወረቀት ጀርባ ይጋባል።

በ2006 አዶቢ አሳላፊነትን ሳያደላድል በቀጥታ የሚተረጕም የማተሚያ ሞተር አስተዋወቀ። በ2008 ፒዲኤፍ ራሱ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ፒዲኤፍ-ኤክስ-4 ወጥቶ በ2010 ታደሰ። ይህ ደንብ አሳላፊነትን ፈቀደ። በ2020 የወጣው ፒዲኤፍ-ኤክስ-6ም በዚሁ መንገድ ቀጠለ። የእነዚህ ዓመታት ለውጥ ከመከልከል ወደ መግለጽ የተደረገ ጉዞ ነው ለማለት ይቻላል። ቀድሞ «አሳላፊነት አታምጣ» ይባል የነበረው አዘጋጅ፣ አሁን «አምጣ፤ ነገር ግን በምን ክልል እንደሚቀላቀልና ለምን ሕትመት እንደ ታሰበ ግለጽ» ተባለ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ላይ አጥብቄ ማሳሰብ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። አንድ ሰነድ የፒዲኤፍ-ኤክስን ደንብ አንዲት ሳያጓድል አሟልቶም በመኪናው ላይ ሊያሳፍረን ይችላል። ነጭን መደረብ በደንቡ ሕገ ወጥ አይደለም፤ የሥዕል ጥራት ማነስም ሆነ የቀለም ብዛት በደንቡ አልተወሰነም። የእኛ የመታሰቢያ ሽፋን ለፒዲኤፍ-ኤክስ ቢፈተን ኖሮ ያለ ነቀፋ ያልፍ ነበር። በ2002 የተመሠረተውና በቤልጅጉ ከተማ ስም የሚጠራው የጌንት የሥራ ቡድን ከደንቡ በላይ የራሱን ገደቦች ለመጨመር የተገደደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የነጭ መደረብን እንዲያዝ፣ የሥዕልን ጥራትና የቀለምን ብዛት እንዲለካ አደረገ። ቡድኑ ያዘጋጃቸው የመፈተኛ ገጾችም ሪፑ መደረብንና አሳላፊነትን በትክክል ካልተረጐመ በገጹ ላይ የኤክስ ምልክት እንዲወጣ ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

የአውሮፕላኑ ትምህርት

ይህ ምርመራ በዓለም የሚጠራበት ስም «ፕሪፍላይት» ነው፤ ከበረራ በፊት የሚደረግ ምርመራ ማለት ሲሆን የተወሰደውም ከአቪየሽን ነው። ጥቅምት 30 ቀን 1935 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ራይት ፊልድ በተባለው የአየር ሜዳ፣ የቦይንግ ኩባንያ 299 የተባለ አዲስ አውሮፕላን ለሙከራ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ፤ 2 ሰዎችም ሞቱ። የሞተር ብልሽት አልነበረም። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ነፋስ እንዳያንገላታው የጅራት መሪው የሚታሰርበት መቆለፊያ ሳይፈታ በመቅረቱ ነው። አብራሪው ልምድ የሌለው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት አንድ በአንድ እየተነበበ የሚረጋገጥ የጽሑፍ ዝርዝር ተዘጋጀ።

የሕትመት ባለሙያዎች ይህን ስም የወሰዱት በ1990ዎቹ ሲሆን፣ በዚያው አሥር ዓመት ምርመራውን የሚያካሂዱ ፕሮግራሞች ለገበያ ቀረቡ። በ2003 የወጣው አክሮባት 6 ፕሮፌሽናልም የምርመራ መሣሪያ ይዞ መጣ። ስሙን ስንወስድ ግን ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ የወሰድን አይመስለኝም። የአብራሪው ዝርዝር ከፍተኛ ድምፅ ያለው ነው፤ አንዱ ያነባል፤ ሌላው በእጁ ነክቶ «ተፈትቷል» ብሎ ይመልሳል። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ አረንጓዴ ምልክት ሲያሳይ ሥራው አለቀ ይባላል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። በ7 ነጥብ የተጻፈ ጥቁር ፊደል ከአራት ቀለም ተቀላቅሎ እንዲወጣ መታዘዙን ይነግረን ይሆናል፤ ይህ ፊደል የሟች ስም መሆኑን ግን አያውቅም።

ፊርማው የማን ነው?

በፊልም ዘመን ስሕተት በብዙ እጅ መካከል ያልፍ ነበር። ካሜራ ሠራተኛው፣ የሞንታዥ ሠራተኛው፣ ናሙና አውጪውና ፕሌት ሠሪው እያንዳንዳቸው ፊልሙን ከብርሃን ጋር አያይተውታል። ዛሬ እነዚያ እጆች በአንድ ቁልፍ ተተክተዋል። ሥራው ፈጠነ፤ ዋጋውም ረከሰ፤ ይህን የሚጠላ የለም። ነገር ግን በእያንዳንዱ እጅ ላይ ተከፋፍሎ የነበረው ኃላፊነት በአንድ ሰው ላይ ወድቋል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያየው መስኮትን እንጂ ፕሌትን አይደለም።

ስለዚህ ምርመራው ወደ ቀድሞው የብርሃን ጠረጴዛ መመለስ አለበት ባይ ነኝ። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልገንም። የሰነድ መመልከቻው የመደረብን ውጤት እንዲያሳይ ይታዘዝ። አራቱ ቀለሞች እንደ አራት ፊልም ተለያይተው አንድ በአንድ ይከፈቱ፤ ጥቁሩ ብቻውን ሲታይ የንባቡ ፊደል ሁሉ በርሱ ላይ መኖሩ፣ የሌሎቹ ቀለሞች ሲታዩ ደግሞ ፊደሉ በእነርሱ ላይ አለመኖሩ ይረጋገጥ። ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የታሰበ ነገር ካለ በእያንዳንዱ ፕሌት ላይ ቦታው መለቀቁ ይታይ። አርጂቢ ሥዕል ቢገኝ ወደ አራቱ ቀለሞች የሚለወጠው ማን እንደ ሆነና በየትኛው ፕሮፋይል እንደ ሆነ ይጠየቅ። አሳላፊ ነገር ያለባቸው ገጾች ተለይተው የመቀላቀያ ክልላቸው ከሕትመቱ ዓላማ ጋር ይመሳከር። በመጨረሻም በሰነዱ ውስጥ ያሉት ስሞች፣ ከደንበኛው የጽሑፍ ትእዛዝ ጋር እየተመሳከሩ፣ ከተለያዩት ቀለሞች ላይ በቃል ይነበቡ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው፤ ለአንድ ሽፋን ከ10 ደቂቃ አይበልጥም።

የማኅበራችን አባላትም ይህን መሰል የምርመራ ዝርዝር በየማተሚያ ቤታቸው አዘጋጅተው ከሥራ ትእዛዙ ጋር እንዲያያይዙ፣ የመረመረውም ሰው ስሙን ጽፎ እንዲፈርምበት በዚህ አጋጣሚ አሳስባለሁ። ፊርማው ለቅጣት አይደለም። የሚፈርም ሰው ደግሞ ያያል፤ ይህን ከራሴ አውቃለሁ።

የዚያ መጽሐፍ ሽፋን ተገንጥሎ በማተሚያ ቤቱ ወጪ እንደገና ታተመ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጠርዞ አለቀ። የሟቹ ባለቤት ሲመጡ መጽሐፉን እኔው ራሴ አቀረብሁላቸው። እንደ ፊተኛው ጊዜ ሽፋኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ መነጽራቸውን አውጥተው ስሙን ፊደል በፊደል አነበቡት፤ ከዚያም፣ «አሁን እርሱ ነው» ብለው ቅጂዎቹን ቈጥረው ተረከቡ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ የሽፋን ሰነድ ሲቀርብልኝ ከሁሉ አስቀድሞ የምከፍተው ሲያኑን ብቻውን ነው፤ ስሙ የሚያርፍበት ቦታ ተለቅቆ እንደ ሆነ አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ እፈርማለሁ።